የባቲዋ ምራት

እኔ አስረስ፣ ሐይቅ ከተማ ክሊኒክ በጤና ረዳትነት ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደ ሂንድ ያናደደኝ ሰው የለም። እንደሷ የወደድኩትም የለም።

ሂንድ የባቲ ልጅ ናት። ዓሣ አስጋሪውን ኑርዬን አግብታ መጣች። አራት ዓመት ሳይሞላቸው የኑርዬ ዐይን ቢጫ ሆነ፤ ሆዱ ውሃ ቋጠረ። ከአዲስ አበባ የመጡ ሐኪም «የጉበት ቫይረስ ነው» ብለው ከእሱ፣ ከእናቱ ከእትዬ አሚናትና ከሂንድ ደም ወስደው ሄዱ። ውጤቱ ሳይመጣ ኑርዬ ሞተ፤ ነፍሱን ይማረው።

ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ እትዬ አሚናት ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። «ይቺ የባቲ ሴት ናት ይዛበት የመጣች!» ሂንድ አብራቸው እየኖረች ውሃ ትቀዳላቸዋለች፣ እግራቸውን ታጥባቸዋለች፤ እሳቸው ግን ከእሷ ጋር አንድ ገበታ አይቀርቡም።

በ1981 የውጤቱ ወረቀት ደረሰኝ። ቫይረሱ በሦስቱም ደም ውስጥ አለ። ግን ይሄ ቫይረስ ከሰው ሰው ሲዞር፣ ዘመን ሲቆጥር ይለዋወጣል፤ ዓይነት ዓይነት አለው። አነጋገሩን ሰምተህ ይሄ የባቲ ሰው ነው፣ ያ የቦረና ነው እንደምትለው ማለት ነው። የእናትና የልጅ አንድ ዓይነት ነው፤ የሂንድ ጭራሽ ሌላ። ሐኪሙም «ሲወለድ ከእናቱ ሳይወስድ አይቀርም» ብለው ከሥር ጽፈዋል።

ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ሂንድን አስጠርቼ አነበብኩላትና «ቆይ፣ ዛሬ አፋቸውን ባላስይዛቸው!» ብዬ ብድግ ስል በር ላይ ቆመችብኝ።

«ጋሽ አስረስ፣ በአላህ! እንዳትነግርብኝ።»

«አብደሻል? ስምሽ እንዲህ ጠፍቶ?»

«የኔ ስም ይጥፋ። አንድ ልጃቸውን በገዛ ደማቸው እንዳጡት ሰምተው እንዴት ውለው ያድራሉ?»

ተቆጣሁ፣ ለመንኳት፤ ፍንክች አላለችም።

በሳምንቱ እትዬ አሚናት የወረቀቱን መምጣት ሰምተው፣ ሂንድን አስከትለው ክሊኒክ ድረስ መጡ።

«አስረስ፣ እንዳትደብቀኝ። ልጄን የያዘው ከማን ነው?»

ሂንድ ቀደመችኝ።

«ከኔ ነው፣ እማ። ወረቀቱ ላይ አለ።»

እርግማኑን ጠበቅሁ። እትዬ አሚናት ግን ትክ ብለው አዩዋት።

«እንግዲያ አንቺም ውስጥ አለ?»

«አለ።»

«ወይኔ ልጄን! ይህን ይዘሽ ነው ውሃ የምትሸከሚልኝ? በይ አብሽሪ፣ ነይ ቤታችን እንሂድ። አንቺንም አልቀብርም!»

ክንዷን ይዘው ወጡ።