ዳሞታን ያለ ሰው መሣል

ጣሊያን ሶዶ ሊገባ ነው የተባለ ሌሊት፣ እኔ ብልሁ፣ ባለቤቴ ወርቄ የቋጠረችልኝን ቆጮ ረስቼ የቀለም ከረጢቴን ይዤ ወጣሁ። እሷ የታመመች እናቷን ትታ መሄድ ስላልቻለች ከዳሞታ ተራራ ሥር ቀረች። «ሳምንት ሳይሞላ እመለሳለሁ» አልኳት። ትንቢቴም እንደ ስንቄ እዚያው ቀረ፤ ይኸው ኬንያ፣ ስደተኛ ሰፈር ውስጥ፣ የበቆሎ ገንፎ እየዋጥኩ ዝናብ እናፍቃለሁ። እዚህ ሰማዩ እንኳ ንፉግ ነው።

ከሰፈሩ ለመውጣት «ፓስ» የሚሉት ወረቀት ያስፈልጋል። ከሰፈሩ አቅራቢያ ባለው ከተማ ከሞያሌ የሚመጡ የከብት ነጋዴዎች አሉ፤ የወርቄን ወሬ ባገኝ የማገኘው ከነሱ ብቻ ነው። የሰፈሩ እንግሊዛዊ ሹም ሠዓሊ መሆኔን ሲሰማ፣ በአስተርጓሚ «ያገርህን ተራራ ሣልልኝና ፓስ እሰጥሃለሁ» አለኝ። እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነኝ፤ ጻድቁን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ሰይጣኑን በጎኑ በአንድ ዓይን ከመሣል ሌላ አላውቅም። ተራራ ስንት ዓይን አለው? ዳሞታን ፊት ለፊት አቁሜ፣ ዙሪያውን በጥቁር መስመር ከብቤ አመጣሁለት።

«ጥላው የታለ?» አለ።

«ጌታዬ፣ ቅዱሳን ጥላ የላቸውም።»

«ተራራው ቅዱስ ነው?»

«ሳልሰደድ አልነበረም።»

አልሳቀም። ሩቅ ያለ ነገር ሰማያዊ ይሆናል ብሎ አስተማረኝ፤ ሰውና ቤትም አያስፈልግም፣ «ላንድስኬፕ» ነው፣ የመልክዓ ምድር ሥዕል ማለት ነው አለ። ደጄ ላይ የነበረውን አረንጓዴ ተራራ በገዛ እጄ ሰማያዊ አድርጌ አራቅሁት። አምሮ መውጣቱ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ከኛው አገር፣ ከሻንቶ የመጡት የድንኳን ጎረቤቴ እማማ በለጡ ሥዕሉን አይተው ደረታቸውን መቱ። «ልጄ፣ እንሰት የለች፣ ጢስ የለች! ሰው ሁሉ አለቀ እንዴ?»

እኔም ደንግጬ ከተራራው ሥር የኛን ጎጆ፣ ከጎጆው በላይ ቀጭን ጢስ ጨመርኩ። ሹሙ መጥቶ ጣቱን ወደ ጢሱ ቀሰረ፤ «ሥዕሉን አበላሸኸው። ይህን አጥፋና ነገ ፓስህን ውሰድ።»

ስንቱን ሰይጣን አንድ ዓይን ያሳጣሁ ጀግና፣ እርጥብ ጨርቅ ይዤ ቀኑን ሙሉ ከሣልኩት ጎጆዬ ፊት ተቀመጥኩ። ጨርቁ እጄ ላይ ደረቀ፤ ፓሱም ቀረ። እናንተ እዚያ ያላችሁ፣ በደጃችን የምታልፉ ካላችሁ፣ ጢሱ እውነት ይወጣ እንደሆን አይታችሁ ንገሩኝ።