የሆኪው አሠልጣኝ ወንድም

ውኃን በብርድ የሚያጸና፣ የጸናውንም በፀሐይ የሚያቀልጥ፣ በሰው ልብ የተሰወረውን ያለ ምስክር የሚያውቅ እግዚአብሔር ስሙ ይክበር ይመስገን። በእርሱ ስም ከጀመርኩ በኋላ፣ ባለፈው እሑድ ስለጠየቅኸኝ ነገር ልንገርህ፣ ልጄ። የዳዊቴ ገጽ እንዳይገለበጥ የምጭንበትን ጥቁር ጎማ አንሥተህ፣ "አባባ፣ ይህ የጫማ ቀለም ነው እንዴ?" ብለህ አሽትተኸው ነበር። እኔም ከእጅህ ተቀብዬ ባሸትተው የእርጥብ ጎማ፣ የላብና የበረዶ ሽታ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ መጣብኝ።

ጊዜው ደርግ በአገራችን ላይ የሠለጠነበት ነበር። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ታስሮ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለንደን ውስጥ ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ከአንድ ያገሬ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተጋርቼ እኖር ነበር። እኛ ስደተኞቹ እርስ በርሳችን እንኳ አንተማመንም ነበር። ለንደን ላይ ያመለጠ ቃል እዚያ ያለውን እስረኛ ያስገድላል ይባል ስለነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አዲስ ፊት ሲገባ ድምፃችን ዝቅ ይል ነበር።

ሥራዬ በአንድ የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ መቀመጫዎቹን መጥረግና ከሜዳው ዳር የተከማቸውን የበረዶ ፍርፋሪ በአካፋ ማንሣት ነበር። በዚያ ሜዳ ሆኪ የሚባለውን፣ በበረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱትን ጨዋታ ቡድን የሚያሠለጥኑ አንድ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው ለአገራቸው ቡድን፣ በኋላም በውጭ አገር ደመወዝ እየተከፈላቸው የተጫወቱ፣ ጉልበታቸው ሲጎዳ ወደ አሠልጣኝነት የዞሩ ናቸው። የፊት ጥርሶቻቸው በጨዋታ ረግፈዋል። "የተጋጣሚያችሁን ዱላውንም ዓይኑንም አትመኑ! ደረቱን ተመልከቱ፤ ደረት የሚሄድበትን አይደብቅም!" እያሉ ሲጮኹ ድምፃቸው ጣራውን መትቶ ይመለስ ነበር።

ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። "ከኢትዮጵያ" ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። እኔም ከአነጋገራቸው ከሶሻሊስቶቹ አገር፣ ከደርግ ወዳጆች ወገን መሆናቸውን ዐወቅሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስጠርግ ከኋላዬ ይቆማሉ፤ ዘወር ስል አጎንብሰው የጫማቸውን ክር ያጠብቃሉ። "እዚህ ሥራ ማን አስገባህ?" ይሉኛል። ለጓደኛዬ ብነግረው የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ዲያቆን፣ አንተ ደግሞ የዋህ ነህ! ሰውየው ጆሮ ጠቢ ነው። ነገውኑ ሥራውን ልቀቅ።"

"ኪራዩን አንተ ልትከፍል?"

"እንግዲያው አፍህን ዝጋ። ዳዊትህን ብቻ ድገም።"

እንዳለኝ አደረግሁ። ስጠርግም አካፋውን ስገፋም በቃሌ የያዝኩትን ዳዊት በለሆሳስ እደግም ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ደርግን የሚቃወም ሰልፍ ነበርና ፊቴን በሻርፕ ሸፍኜ ወጣሁ። ሰኞ ጠዋት ሜዳው ዳር ቆሜ ሳለሁ አሠልጣኙ በበረዶው ላይ ተንሸራትተው መጥተው ፊት ለፊቴ ቀጥ አሉ። የጫማቸው ብረት የፋቀው በረዶ ሱሪዬ ላይ ተረጨ።

"ቅዳሜ ሰልፉ ላይ ነበርክ፤ በዚያ ሳልፍ አየሁህ" አሉኝ።

"ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ።"

"ፊትህን ሸፍነሃል፤ አረማመድህን ግን አልሸፈንከውም። እኔ ዕድሜ ልኬን እንጀራ የበላሁት ሰው ሲንቀሳቀስ በማንበብ ነው።"

ወንድሜ ዓይኔ ላይ መጣ።

"ስትጠርግ የምታወራው ለማን ነው? አንገትህ ላይ ያለው ጥቁር ሽቦስ?"

የድምፅ መቅረጫ ሽቦ የመሰላቸው ማዕተቤ ነበር። ከሸሚዜ ውስጥ ሳብ አድርጌ ጫፉ ላይ ያለውን የእንጨት መስቀል አሳየኋቸው፤ የማጉረመርመውም ጸሎት መሆኑን ነገርኳቸው። የሜዳውን አጥር ተደግፈው፣ በዚያ ጥርስ በሌለው አፋቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

"እኔን እንድትሰልል የአንተ መንግሥት ለእኔ መንግሥት አውሶህ መስሎኝ! ስንት ወር አስፈራኸኝ፣ አንተ ቀጫጫ!"

ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም። ቡድናቸው ውጭ አገር ለጨዋታ በወጣበት ከድተው ቀርተው ኖሯል። በዚህ ሰበብ ታናሽ ወንድማቸውን፣ እርሱም ተጫዋች ነበር፣ መጀመሪያ ከበረዶው ጨዋታ አገዱት፤ ቀጥሎም ወሰዱት። ወዴት እንደወሰዱት የነገራቸው ሰው አልነበረም።

"ለእርሱም ትጸልይለታለህ?" አሉኝ።

"የክርስትና ስሙን ይንገሩኝ። እኛ ዘንድ ሰው በጸሎት የሚታሰበው በጥምቀቱ ስም ነው።"

ባዶዎቹን ወንበሮች ከዳር እስከ ዳር ቃኙ። ጓንታቸውን አወለቁ፤ ጎንበስ ብለውም በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። ትንፋሻቸው ትኩስ ነበር።

"የአንተስ ወንድም?"

እኔም ወንበሮቹን ቃኘሁ። ከዚያ ለጓደኛዬ እንኳ ያልነገርኩትን የወንድሜን ስም ለእኒያ ባዕድ ነገርኳቸው።

በዓመቱ ሌላ ከተማ ቡድን አግኝተው ሄዱ። ፓክ የሚሉትን ይህን የጨዋታ ጎማ መዳፌ ላይ አስቀምጠው ጣቶቼን በእጃቸው ከደኗቸው፤ ከዚያ ወዲህ አልተያየንም። ደርግ ሲወድቅ ወንድሜ በሕይወት ተፈትቶ ወጣ። የእርሳቸው ወንድም ወሬ ግን እስከ ዛሬ አልደረሰኝም። ስለዚህ በጸሎቴ ሕያዋንን ጠርቼ ስጨርስ፣ ሙታንን ሳልጀምር፣ በመካከል ያንን ስም ብቻውን እጠራዋለሁ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ በአደራ የተሰጠኝ ለጸሎት ነውና። ዛሬም፣ ልጄ፣ ከመጥራቴ በፊት ዘወር ብዬ በሩን አያለሁ።

አንተንና ይህን የምታነብቡትን ሁሉ ከነቤተሰባችሁ እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ። የምትወዱትን ሰው ስም፣ በራችሁ ክፍት ሆኖ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ የምትጠሩበት ቤት ይስጣችሁ፤ አሜን።