የናዝራዊት እጆች

ኅዳር አሥራ ሦስት ቀን ነበር፣ 2011 ዓ.ም.፣ የሚካኤል ማግስት። የፊዚክስ መምህሩ አስማረ እንዲህ ይልና ወዲያው ራሱን ይጠራጠራል። የለም፣ ዋዜማው ሳይሆን አይቀርም፤ ማግስቱማ ቢሆን የመምህራን ማረፊያው በንግሥ ወሬ በተሞላ ነበር። ብቻ ደባርቅ ላይ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ብርድ የነበረበት ጠዋት ነው። አንዲት ሴት በስስ ጃኬት እየተንቀጠቀጠች ገባች።

«ናዝራዊት እባላለሁ፤ አዲሷ የኮምፒውተር መምህርት።»

ጎንደር ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት ሃያ ዓመት ያህል ኮምፒውተርና ኔትወርክ ስትጠግን ኖራለች። ማሽን እምቢ ባለ ቁጥር «ናዝራዊትን ጥሩልኝ» ይባላል፤ ትመጣለች፣ ባለቤቱን ከወንበሩ ታስነሣለች፣ ጣቶቿ ይሮጣሉ፣ ማሽኑ ይነሣል። ያንን ትታ በአርባ አራት ዓመቷ ጠመኔ ልትይዝ መጣች። አለቃዋ አላመናትም። «ይበርድሽና ትመለሻለሽ» ብሎ ቦታዋን እስከ ሰኔ አቆየላት።

አስማረ አፉ ዝም አይልም። «ከእንዲያ ያለ ሥራ ወደ ጠመኔ የወረደ ሰው አይቼ አላውቅም» አላት።

«አያ አስማረ፣ ደባርቅ ከጎንደር ከፍ ይላል እኮ፤ ወጣሽ በለኝ እንጂ!»

ተማሪዎቹ ወዲያው ወደዷት። አንዱ እጁን ሲያወጣ ከተፍ ትላለች፤ «ቆይ፣ እኔ ላስተካክልልህ» ትልና ማውሱን ትቀበለዋለች። ክፍሉ ውስጥ የተበላሸ ነገር ውሎ አያድርም። የመጀመሪያው መንፈቅ የተግባር ፈተና ሲደርስ ግን ልጆቹ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ከሁሉም ጎበዟ አገኘሁሽ እንኳ አንድ ቁልፍ ሳትነካ ሰዓቱ አለቀ።

«ምነው ልጄ?»

«ቲቸር፣ ይመጣሉ ብዬ ስጠብቅዎት ነው።»

ናዝራዊት የፈተናውን ወረቀት እንደያዘች መጥታ አስማረ አጠገብ ቁጭ አለች። «እኔ ጠጋኝ ነኝ፤ አስተማሪ አይደለሁም። እስከ ፋሲካ አያቸዋለሁ፤ ካልሆነ ወደ ወንበሬ እመለሳለሁ።»

«ጥፋቱ የእጅሽ ነው። ምናለ አንድ ቦታ ብታስቀምጪው?»

«የት ላስቀምጠው፣ አንተ ሰው?»

«ቤተ ክርስቲያን ቆመሽ የት ነው የምታደርጊው?»

በማግስቱ በነጩ ጋዋን ላይ ነጠላ ደርባ፣ ሁለት እጇን እስከ ጣቷ ሸፍና ገባች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ቲቸር፣ ሊያስቀድሱ ነው?»

«አዎ። ከዛሬ ጀምሮ ቀዳሾቹ እናንተ ናችሁ።»

ቀላል አልነበረም። ልማድ ነውና እጇ ሾልኮ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ልጆቹ ባንድ ድምፅ «ቲቸር፣ እጅ!» ይሏታል። እሷም እንደተያዘ ሌባ ትመልሰዋለች።

ሆሣዕና ሲቃረብ አስማረ የኤሌክትሪክ ገመድ ሊዋስ ብቅ ቢል ክፍሉ ጸጥ ብሏል። አንዱ ማሽን አልነሣ ብሎ ጢጥ ጢጥ ይላል። አገኘሁሽ መሰኪያውን ነቅላ ጎኑን ከፍታዋለች። ሚሞሪ የሚሉትን ቀጭን ሰሌዳ አወጣች፤ ከዩኒፎርሟ ኪስ ላጲስ መዝዛ ጥርሶቹን ፈተገች፤ እፍ ብላ መለሰችውና መሰኪያውን ሰካች። ጢጥ። ጢጥ። ልጅቱ ዞራ መምህርቷን አየች።

አስማረ ነጠላው ሲንቀሳቀስ አየ። አሁን አወጣችው፣ አሁን ሁሉም ነገር ከንቱ ቀረ፣ አለ በልቡ። ናዝራዊት ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች አዞረች። ነጠላዋን እጇ ላይ ጠበቅ አድርጋ ጠቀለለችው።

ልጅቱ ጥቂት ቆማ አሰበች። እንደገና መሰኪያውን ነቀለች፣ ሰሌዳውን አውጥታ አገላበጠችው፣ አስገብታ ቀጭ እስኪል ተጫነችው፣ መሰኪያውን መለሰች። ስክሪኑ በራ። ጭብጨባ ሆነ፤ እሷ ግን መምህርቷን አላየችም። ጥግ ላይ ለዓመታት ሞተው የተደረደሩትን ኮምፒውተሮች አይታ «ያኛውስ?» አለች።

ናዝራዊት ግቢ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ደወለች። አስማረ ገመዱን እንደያዘ ሰማት፦ «ቦታውን ለሰው ስጡት። የለም፣ አልተጣላሁም። ሸጋ ነኝ።»

በክረምቱ ለመምህርነት ሥልጠና ወደ ጎንደር ስትወርድ አስማረ ቦርሳዋን ይዞ እስከ መናኸሪያው ሸኛት። ጋዋኗን መስከረም ልትለብሰው የማረፊያው ሚስማር ላይ ሰቅላው ነበር የወጣችው። አስማረ አፍ ላይ መንገዱን ሙሉ አንዲት ጥያቄ ስትመላለስ ነበር። እሱም አርባ ስምንት ደፍኗል፤ እሱም በወጣትነቱ ጀምሮ የተወው ነገር አለው። የለመድሽውን በር ዘግተሽ በወጣሽበት ጠዋት ፈራሽ ወይ? ሊላት የፈለገው ይህን ነበር።

«ናዝራዊት...»

«ጎንደር፣ የቀረ አንድ ሰው! እናት፣ ግቢ!» ረዳቱ በሩን ጓ አድርጎ ዘጋው።

ሚኒባሱ ወደ ዳባት መንገድ ሲታጠፍ፣ እጇን ከነጠላዋ አውጥታ በመስኮቱ አውለበለበችለት።