እትዬ ጥሩነሽ ላንጋኖ የሄዱ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት የኮንዶሚኒየማችንን ደረጃ ስወጣ የደረቀ ዓሣ ሸተተኝ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ከሐዋሳ አስመጥታ በረንዳዋ ላይ አስጥታው ኖሯል። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ሲያልፍ እኔ ዘንቢሌን አስቀምጬ ቆምኩ። እትዬ ጥሩነሽ ትዝ አሉኝ።

በደርግ ጊዜ ጌጃ ሰፈር የአንድ ግቢ ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው ኦጋዴን ዘምተው ቀሩ፤ እሳቸው የሰው ልብስ እያጠቡ ሦስት ልጆች ያሳድጉ ነበር። ጣቶቻቸው ከሳሙናው ብዛት ሁልጊዜ ነጭና ጭምድድ ያሉ ናቸው። ሳቃቸው ግን የድሃ ሳቅ አልነበረም፤ ቧንቧው ጋ ቆመው ሲስቁ ዋናው መንገድ ድረስ ይሰማል። ስም ማውጣትም ይችሉበታል። እኔን ከእናቴ ቀሚስ ስለማልለይ «መርፌ ቁልፍ» ይሉኝ ነበር።

አንድ የበጎ አድራጎት ክበብ ላንጋኖ ዳር ቤት ነበረው። አባላቱ ሐኪሞችና ነጋዴዎች ናቸው ይባላል፤ ትርፍ ቤት ሲወረስ ያ ቤት እንዴት እንደተረፈ እንጃ። ክረምት ሲመጣ ችግረኛ ቤተሰብ እየመረጡ፣ መኪናውም ምግቡም በነሱ፣ ለአንድ ሳምንት እዚያ ያሳርፉ ነበር። በዚያ ዓመት ዕድሉ ለእትዬ ጥሩነሽ ደረሰ። ግቢው ጉድ አለ፤ በኛ ሰፈር ሰው የሚያርፈው ሲሞት ነበር።

የእትዬ ጥሩነሽ ጭንቀት ቤቱ ነው። በዚያ ዘመን የቀበሌ ቤት ተዘግቶ ከተገኘ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል፤ ስለዚህ ሰው ለቅሶም ሆነ ሰርግ ሲሄድ አንድ ሰው ቤት ትቶ ነው የሚወጣው። እሳቸውም ትልቁን ልጃቸውን ሰለሞንን ሊተዉት አስበው ነበር። ልጁ አላለቀሰም፤ እህል አልቀምስም ብሎ ተኛ እንጂ። ከክበቡ የመጡት ባለመነጽር ወይዘሮም «ቤተሰቡ በሙሉ ካልሄደ ምኑን ዕረፍት ሆነ?» አሉ። በመጨረሻ እትዬ ጥሩነሽ አዲስ ጓጉንቸር ገዝተው በራቸውን ቆለፉ። ቁልፉን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው እናቴን ጠሯት።

«አስካለ፣ ዓይንሽ ከቤቴ አይለይ።»

«እኔ እያለሁ ማን አባቱ ይነካዋል! ሂጂ፣ ተንፈስ በይ።»

ሳምንቱ ሳይጋመስ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠብመንጃ ከያዙ የአብዮት ጥበቃዎች ጋር መጣ። ጓጉንቸሩን በመዶሻ ሰበሩት። እናቴ እርጥብ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሰዎቹ አሉ እኮ። ላንጋኖ ለዕረፍት ሄደው ነው።»

ሰውየው ከልቡ ሳቀ። «ለዕረፍት? ሰፊው ሕዝብ ቤት አጥቶ በረንዳ ያድራል፣ አጣቢዋ ሐይቅ ዳር ትንፈላሰሳለች?» ከዚያ ዓይኑን ወደ በራችን መለስ አደረገ። «ለመሆኑ ያንቺ ቤት ስንት ክፍል ነው?»

ቤታችን ሁለት ክፍል ነበረው። እናቴ ወደ በራችን አፈገፈገች። አልጋው ተፈታትቶ ሲወረወር፣ የልጆቹ ደብተር ጭቃ ላይ ሲበተን አንድም ቃል አልወጣትም። በዚያው ዕለት የሊቀመንበሩ ሚስት እህት ገባችበት። እናቴ ያገኘችውን ላስቲክ ዕቃው ላይ ብትጥልበትም ዝናቡ በየት በኩል እንደሚገባ ያውቃል። ፍራሹ ላይ ዶሮ አደረበት።

እሑድ ከሰዓት የክበቡ ላንድሮቨር በራችን ላይ ቆመ። ሳቃቸውን ከመንገድ ሰማነው። ልጆቹ ፊታቸው በፀሐይ ተላልጦ፣ ስለ ዋና ለማውራት እርስ በርስ ይሻማሉ። እትዬ ጥሩነሽ በሲባጎ የተሰካካ የደረቀ ዓሣ ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለዋል፤ ለግቢው ሰው ሁሉ ያመጡት ነው። ጣቶቻቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ደርቀው፣ እንደ ሰው ጣት ሆነው አየኋቸው። ቁልፉን ከነጠላቸው ጫፍ እየፈቱ ቀጥ ብለው ወደ በራቸው ሄዱ። ከውስጥ አንዲት ሴት ብቅ አለችና «ማንን ፈልገው ነው?» አለቻቸው።

ቁልፉን እንደያዙ ዞረው ያንን የረጠበ ክምር አዩት። ከዚያ እናቴን አዩዋት። እናቴ ለቅሶ ጀመረች።

በማግስቱ ቀበሌ ሄደው ደጅ ሲጠኑ ዋሉ፤ የሰማቸው የለም። ባለመነጽሯ ወይዘሮም መጥተው አለቀሱ፤ ልቅሶ ግን ቤት አይሆንም። እትዬ ጥሩነሽ አብነት ሰፈር ያሉ ዘመዳቸው ጋ ሊጠጉ የተረፈውን ዕቃ በጋሪ አስጫኑ። ከመውጣታቸው በፊት ያንን ዓሣ በየቤቱ አደሉ። እኛ ጋ ሲደርሱ ትልቁን መርጠው ለእናቴ ዘረጉላት።

«እንኪ አስካለ። ቤቴን ለጠበቅሽበት።»

እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለች። እኛ ቤት ማንም አልቀመሰውም። መጣሉም አልሆነላትም፤ ጓዳ ተሰቅሎ ክረምቱን ሙሉ ሸተተ። በዚያች ቃል የተነሳ እትዬ ጥሩነሽን ለብዙ ዓመት ጠላኋቸው። አሁን ሳስበው ግን ሌላ ምን ሊሉ ይችሉ ነበር? ከዚያ ወዲያ አላየናቸውም።

እናቴ ቤቷን ባዶ ትታ ወጥታ አታውቅም። ደርግ ወድቆ፣ ግቢያችን ፈርሶ፣ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላም እንኳ። የቤተሰባችን ፎቶ ሁሉ አንድ ሰው ይጎድለዋል፤ እህቴ ስትዳር ወንድሜ የለም፣ ወንድሜ ሲመረቅ እኔ የለሁም። በመጨረሻ ታማ ሕመሙ የጸናባት ጊዜ የንስሐ አባቷ ጸሎት አድርሰው እንደወጡ እጄን ያዝ አደረገችኝ።

«የቀብሬ ዕለት ቤት ማን ይቀራል?»

«እኔ» አልኳት።

በቀብሯ ዕለት የልደታ ቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል በሩን ከውስጥ ቆልፌ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ነበር።