ሰባት ወፎች የመሰከሩበት ሰው

ችኩል ነኝ። እናቴ በሆዷ ሳለሁ እንኳ እርግጫዬ አላስቀምጥ ይላት እንደነበር ትናገራለች። የዜና ሥራ ውስጥ የከተተኝም ይኸው ጠባዬ ሳይሆን አይቀርም። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ሰቆጣ ተመድቤ ለራዲዮ ዜና እልክ ነበር። ከጎጃም የመጣሁ፣ የአገሩን ቋንቋ ኽምጣኛን የማልሰማ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያልሞላኝ ሰው ነበርሁ፤ ያም ሆኖ አገሩን ከባለአገሩ በላይ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ሰቆጣ ላይ ዜና ማለት አብዛኛውን ጊዜ ስብሰባ ነበር። ስብሰባው «ተካሄደ»፣ ሥልጠናው «ተሰጠ»፣ እርከኑ «ተሠራ»። ማህተም ያረፈበትን ሪፖርት አሳጥሬ በስልክ አነበብሁ ማለት ሥራዬን ጨረስሁ ማለት ነው። ሥራው አንገፍግፎኝ ነበር። ስለዚህ አማርኛ በሚነገርበት በደሃና ወረዳ አንድ ገጠር ቀበሌ የገብስ ክምር ተቃጥሎ ሕዝቡ አውጫጭኝ ሊቀመጥ ነው ሲባል፣ ወደዚያው ለሌላ ጉዳይ የሚሄድ አንድ የዞን ኃላፊ ለምኜ መኪናው ላይ ተንጠለጠልሁ።

አውጫጭኝ የቆየ ወግ ነው። ጥፋት ደርሶ አጥፊው ሲሰወር የአካባቢው ሰው ሜዳ ላይ ይቀመጣል፤ አጥፊው ሳይታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም። የተመረጡ ሽማግሌዎች ራቅ ብለው ይቀመጡና ሰው በየተራ እየቀረበ ምሎ የሚያውቀውን ያንሾካሹክላቸዋል። ታዲያ «እኔ» አይልም፤ «ወፏ እንዲህ አለችኝ» ይላል። ነገሩን ያመጣው ሰውም ወፍ ይባላል፤ ቂም እንዳይተከልበት ስሙ ለማንም አይነገርም። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ስሰማ ምራቄን እየዋጥሁ ነበር። ወፍ የሚናገርበት ዜና በየትኛው ስብሰባ ይገኛል?

ከሰዉ ጋር ሜዳው ላይ እንደተቀመጥሁ ዘጠኝ ሰዓት አለፈ። ሹፌሩ ጥሩንባ እየነፋ ነው። ሰቆጣ ያለው ስልክ ቤት ሳይዘጋ ካልደረስሁ ዜናው ያድራል፤ ያደረ ዜና ደግሞ ያደረ ቂጣ ነው። ተነሥቼ ወደ ሰብሳቢው ሽማግሌ ሄድሁ።

«አባቴ፣ ስንት ወፍ ተናገረ?»

«ሰባት።»

«ሁሉም የጠሩት አንድ ሰው ነው?»

«አንድ ሰው ነው።»

«ታዲያ ምን ቀረ?»

«ወፎቹ ከየት እንዳገኙት አልጠየቅንም። ነገ እንቀጥላለን።»

«ነገማ መኪና የለኝም» አልኋቸው። «ሰባት ሰው ከመሰከረ ለፍርድ ቤትም ይበቃል እኮ አባቴ።» ኃላፊውም ከኋላዬ ሰዓቱን አየ። ሽማግሌው አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ተመለከቱ። «መንግሥት ከቸኮለ እኛ ምን እናደርጋለን» አሉና ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሥተው ስሙን አወጁ።

ስሙ የተጠራው ሰው ሃምሳዎቹን ያጋመሰ፣ ረዥም፣ ቃል የማያበዛ ገበሬ ነበር። ከክምሩ ባለቤት ጋር ባለፈው ዓመት በድንበር ተጣልተው እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ብድግ አለ፤ የተቀመጠውን ሰው ከዳር እስከ ዳር አየ፤ ጋቢውን አጣፍቶ ሄደ። እኔ ደብተሬ ላይ «ግለሰቡ ድርጊቱን አላስተባበለም» ብዬ ጻፍሁ። እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ያን ጊዜ እኮራ ነበር።

ስልክ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ደረስሁ። ዜናው በማግስቱ ጧት ተነበበ፦ የአካባቢው ኅብረተሰብ በባህላዊ ዘዴ ሰብል ያቃጠለ ግለሰብ አጋለጠ። ስም አልተጠራም። ቀበሌውና ጎጡ ግን ተጠርቷል፤ በዚያ ጎጥ ደግሞ የተጋለጠ ሰው አንድ ነው። ዋና አዘጋጁ ደውሎ አመሰገነኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሰቆጣ አልበቃኝም፤ ሻይ ቤት ስገባ ሰው «ወፎቹ እንዴት ናቸው?» እያለ ይቀልድብኛል፣ እኔም እስቃለሁ።

በገበያ ቀን አንዲት ሴት ቢሮዬ ድረስ መጣች። አቧራ እስከ ጉልበቷ ደርሷል። ቁጭ በይ ብላትም አልተቀመጠችም።

«ራዲዮ ላይ ስለ ባሌ ያስነገርህ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን ነገረህ?»

«ሰባት ወፍ ነው የተናገረ። እኔ ከራሴ የጨመርሁት የለም።»

«ሰባት» አለች። ረጋ ብላ ነው የተናገረችው፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ክምሩ የተቃጠለ ለት ሰዉ ሁሉ ወንዝ ማዶ ለቀብር ሄዶ ነበር። እኔም እዚያው ነበርሁ። ሲመሽ ስንመለስ ነው አመዱን ያገኘነው። በል ንገረኝ፣ ያዩት ሰባት ሰዎች ከየት መጡ?»

ስለ ቀብሩ ማንም አልነገረኝም፤ ምክንያቱም ማንንም አልጠየቅሁም። እሷ ቀጠለች። ባሏ እምቢ አላምንም ስላለ ከሰንበቴውም ከደቦውም ለይተውታል። ገብሳቸው ደርሷል፤ የሚያግዛቸው የለም። ሁለት ሰው አጭዶ የማይጨርሰው ነው፤ ዓመቱን የሚበሉትም እሱኑ ብቻ ነው። «እየረገፈ ነው» አለችና ወጣች።

ከዚያ በኋላ እህል አልዋጥልህ አለኝ። ደብተሬን ገልጬ «ሰባት» የሚለውን ቁጥር አየዋለሁ። ቁጥሩ እውነት ነው። የጻፍሁት ሁሉ እውነት ነው፤ ወፎቹም ተናግረዋል፣ ሽማግሌውም አውጀዋል፣ ሰውዬውም አላስተባበለም። እውነት እየተቀጣጠለ እንዴት ውሸት እንደሚሆን ያን ሰሞን ነው የገባኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስሁት ግን የሰው ዓመት ነበር። በሦስተኛው ቀን ፈቃድ ሳልጠይቅ የደሃና ከተማ ወደሆነችው አምደወርቅ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ወጣሁ፤ ከዚያ የቀረውን በእግሬ ሄድሁ።

ሽማግሌው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። የመጣሁበትን ሳልጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔም እንቅልፍ የለኝ» አሉ። «ወጉ እኮ አለ። ወፏን ‹አየሽ ወይስ ሰማሽ?› እንላታለን። ሰማሁ ካለች ከየትኛዋ ወፍ እንደሰማች ታሳያለች፤ ያችኛዋን ደግሞ እንጠይቃለን። ያየች እስክትገኝ ወደ ኋላ እንሄዳለን። አንዳንዴ ሦስት ቀን ይፈጃል። ያን ለት ይህን ዘለልነው።»

ማን እንዳስዘለላቸው አልተናገሩም። እኔም አፈርሁና መሬት መሬት አየሁ።

«የወፎቹን ስም ይስጡኝና ራሴ ሄጄ ልጠይቅ» አልኋቸው።

«የወፍ ስም አይሰጥም!» ተቆጡ። «ዛሬ ላንተ ብሰጥ ነገ ማን ይነግረኛል? ሌሎቹን ሽማግሎች ይዤ እኔው እዞራለሁ። አንተ ቁጭ በል።»

ቁጭ በል ማለት ለኔ ቅጣት ነው። ሁለት ቀን ጠበቅሁ። ቆሎ ቆረጠምሁ፣ ጠላ ጠጣሁ፣ አጥሩን ዞርሁ፣ ደግሜ ዞርሁ። ውሻው መጀመሪያ ሲጮህብኝ ዋለ፤ በሁለተኛው ቀን ሰልችቶት ተኛ። ከደጁ ሆኜ ሳይ ተዳፋቱ ሁሉ ታጭዶ ገለባ ሆኗል፤ አንድ ማሳ ብቻ ቢጫ እንደሆነ ቆሟል። ከማሳው በላይ የሰውዬው ቤት ይታያል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ያ ገብስ እየተወዛወዘ ይረግፍ ነበር። የሽማግሌው ባለቤት «ተው እንጂ ልጄ፣ መሬቱን ጨረስኸው» አሉኝ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ተመለሱ። ጫማቸውን ሳያወልቁ ተናገሩ።

«ሰባተኛዋ ከአምስተኛዋ ሰማች። አምስተኛዋና ስድስተኛዋ ከሁለተኛዋ ሰሙ። ሦስተኛዋና አራተኛዋ ከአንደኛዋ። አንደኛዋና ሁለተኛዋ ደግሞ ከባለ ክምሩ። ከቀብር ሲመለስ አመዱን አየና ‹እሱ ነው እንጂ ሌላ ማን ይሆናል!› ብሎ ጮኸ። በቃ። ያየ የለም።»

«ባለ ክምሩስ ምን አሉ?»

«አለቀሰ። ‹ተቃጥዬ የተናገርሁት ነው፣ አላየሁም› አለ።»

ሰባት ብዬ የቆጠርሁት አንድ ሰው ነበር፤ እሱም ያዘነ ሰው። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ሽማግሌዎቹ በእሁዱ ቅዳሴ መውጫ ላይ «ወፏ አላየችም፤ ፍርዱ ተነሥቷል» ብለው እንደሚናገሩ ነገሩኝ። የእኔን ግን እኔው ማንሳት ነበረብኝ።

ዋና አዘጋጁ በስልክ ሳቀብኝ። «ስም አልጠራን፤ ማንን ነው የምናስተባብለው?» አለ። ጎጡ ውስጥ ሌላ የተጋለጠ ሰው እንደሌለ አስረዳሁት። «የሞተ ነገር አትቀስቅስ» አለና ዘጋው። በማግስቱ ደወልሁ። በሦስተኛው ቀንም። በአራተኛው ቀን ስልክ ቤት ሰው ፊት ጮህሁበት፤ የስልክ ሠራተኛዋ በመስኮቱ አጮልቃ አየችኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው የራዲዮ ቃል ከአፋፍም ያልፋል፤ ግን ቢያንስ የወጣበት አፍ ይመልሰው አልሁት። ሥራዬን እንደማስረክብም ነገርሁት። በሳምንቱ ከማስታወቂያው በፊት ሦስት መስመር ተነበበች፦ ቀደም ሲል የተዘገበው ማስረጃ የሌለው መሆኑ ተረጋግጧል፤ ግለሰቡ ድርጊቱን አልፈጸሙም።

ደስታዬን መቻል አቃተኝ። እንደገና ደሃና ወጣሁ። ሰዉ ደቦ ወጥቶ ማሳው ውስጥ ነበር፤ ከገብሱ ሲሶው መሬት ላይ ረግፏል፣ የቀረውን እያጨዱ ነው። ባለ ክምሩም ከዳር ቆሞ ያጭዳል፤ ቀና ብሎ አላየኝም። ሰውዬው ማጭዱን እንደያዘ ወደ እኔ መጣ። ሳልዋሽ ልናገር፣ ምስጋና ነበር የጠበቅሁ።

«ራዲዮውን ሰማሁት» አለኝ።

«ደስ አለዎት?»

«አቃጠለ ስትል መጥተህ አልጠየቅኸኝም። አላቃጠለም ስትልም መጥተህ አልጠየቅኸኝም። ሁለት ቀን ከሽማግሌው ደጅ ስትንጎራደድ ከዚህ ሆኜ አይህ ነበር።»

ፊቴ ነደደ። ሰባት ወፍ ተከትዬ ወደ ኋላ ስሄድ የመጨረሻውን በር፣ የእሱን በር፣ አላንኳኳሁም። «አልፈጸሙም» ብዬ የጻፍሁትስ ማን ነግሮኝ ነው? ያየ የለም ማለትና አላደረገም ማለት አንድ እንዳልሆነ፣ ያን ያህል ተገርፌም፣ አልተማርሁም ነበር።

ደብተሬን አወጣሁ። «ያን ለት የት ነበሩ?» አልሁት።

«ከብት የሚያይ ስለጠፋ ከቀብሩ ቀርቼ ነበር። ወንዙ ዳር ነበርሁ።»

«አብሮዎት ሰው ነበር?»

«ብቻዬን ነበርሁ።»

እንዳለው ጻፍሁት። ስጽፍ እጄን እያየ ቆየ።

«ታዲያ አሁን ታምነኛለህ?» አለኝ።

አዎ ልለው ፈለግሁ። ከልቤ ፈለግሁ። አፌ ግን እሺ አላለኝም፤ ወንዙ ዳርም ያየው የለም። እሱም ማጭዱን ይዞ ወደ ገብሱ ተመለሰ።