የቀናሁበት ጉድባ

ጃፓን ለሥልጠና ስላክ፣ ባቡራቸው እንደሚያስቀናኝ ቀድሜ አውቄ ልቤን አዘጋጅቼ ነበር። ባቡሩን ቻልኩት። ያልቻልኩት ጉድባቸውን ነው።

በመጨረሻው ሳምንት የድሮ መሳፍንት ግንብ ወደነበረባት አንዲት ትንሽ ከተማ ወሰዱን። ግንቡን ፍለጋ አንጋጠጥኩ፤ የለም። አስጎብኚያችን፣ ጠና ያሉ ሴትዮ፣ ግንቡ ከፈረሰ ብዙ ዘመኑ እንደሆነ በአስተርጓሚ ነገሩን። የተረፈው የድንጋይ ካብና ዙሪያውን የከበበው፣ ውሃ የተኛበት ጉድባ ብቻ ነው። ለዚህ ለሌለ ግንብ ሰው ከሩቅ ይመጣል፤ ጉድባው አፋፍ ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል።

ሴትዮዋ እዚያው ጉድባው ዳር ይኖራሉ። የሰፈሩ ሰው በየተራ እየወጣ ቅጠሉን በመረብ ይለቅማል። አባታቸው በአንድ ወቅት ለመኪና ማቆሚያ ትንሽ ልድፈን ቢሉ፣ ጎረቤት በሙሉ አኩርፎ ሰላምታ ነሳቸው። ይህን ሲያወሩ ሁሉም ሳቀ። እኔ አንጀቴ አረረ።

ቦንጋ ውስጥ በቅርስ ጉዳይ የምሠራ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ዋጫ ከተማ አጠገብ፣ በእናቴ ጓሮ በኩል፣ የካፋ ነገሥታት ጠላት እንዳይገባ ያስቆፈሩት ጉድባ ያልፋል። ከእነሱ የእኛ ይጠልቃል። በልጅነቴ የቡና ገለባ የምደፋበት እኔው ነበርኩ፤ አድጌም በየስብሰባው ስለ ቅርስ ስለፈልፍ ስለ እሱ አንድ መስመር አልጻፍኩም። ሴትዮዋን ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ በሆዴ ጠላኋቸው።

ቦንጋ እንደተመለስኩ ሌላ ሥራ አልታየኝም። ጉድባችን ይለካ፣ ይመዝገብ፣ ይታጠር አልኩ። አለቃዬም እሺ አሉ። ለእናቴ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ እሑድ የቢሮ ሰዎች ይዤ እመጣለሁ። ጓሮውን ሊያዩ ነው።»

«ጓሮውን?» አለች ደንገጥ ብላ። «ይምጡ፣ ምን ገዶኝ።»

ምን እንደሚያዩ አልነገርኳትም። ሰዎቹ ሲደነቁ በዓይኗ እንድታይ ፈልጌ ነበር።

እሑድ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ስንደርስ ጓሮው ላይ ዳስ ተጥሏል። ከሥሩ ያለው መሬት አዲስ አፈር ነው፤ ተደልድሎ፣ ተረግጦ፣ ሣር ተጎዝጉዞበታል። አንዱ ባልደረባዬ መለኪያ ሜትሩን እንደያዘ ቀረ።

«እንግዳ ያየዋል ስትለኝ አፈርኩ» አለች እናቴ። «ያን ገደል ይዤ ሰው ልቀበል? ደቦ ጠራሁና ሦስት ቀን ሙሉ ስንሞላው ከረምን።»

ጎረቤቶቼ እጃቸውን ታጥበው፣ ምን እንደምል እየጠበቁ ያዩኛል። እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው።

ከተቀመጥን በኋላ የሰፈራችን ሽማግሌ ወደ እኔ ዞር አሉ።

«እስቲ ንገረን፣ ጃፓን ምን አየህ?»

«ጉድባ፣ ጋሼ።»

ዳሱ በሳቅ ሞላ።

«ለጉድባ ብለህ ነው ያን ሁሉ አገር ያቋረጥከው?» አሉኝ፣ ትከሻዬን እየመቱ። «እሱማ እዚሁ ነበረልህ እኮ።»