የአስካለች ቤት ጾም

ፈጠነች ሶዶ ከተማ ዳር፣ ከዳሞት ተራራ ሥር ባለው ሰፈር የሴቶች ጸሎት ቡድን መሪ ናት። ገበያ ላይ ቅቤ እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ጌታን ስትቀበል ገና ልጅ እግር ነበረች። ያኔ አባቷ ትተውት የሞቱትን የባዕድ አምልኮ ጨሌ አውጥታ በገዛ እጇ አቃጠለችው። ከዚያ ወዲህ ስለ ጠንቋይ ቢወራ፣ ስለ እርግማን ቢወራ አይሞቃት አይበርዳት። “እኔ የድሮውን ሁሉ ጥያለሁ” ትላለች። ውሸቷን አልነበረም። እውነት መስሏት ነው።

ቡድኑ በየሳምንቱ ቤት ለቤት በተራ ይጸልያል። ተራ የደረሳት ሴት ከጸሎት በኋላ ያላትን ታቀርባለች፤ ቆሎም ይሁን፣ ሻይ በዳቦም ይሁን። ችግሩ የአስካለች ተራ ሲደርስ ነው። አስካለች ሸክላ ሠሪ ናት፤ እናቷም ሸክላ ሠሪ ነበረች። እዚያ ሰፈር ደግሞ ሸክላ ሠሪ ቤት አይበላም። ሰው ድስታቸውን ይገዛል፤ ቤቱ ወስዶ መጀመሪያ ባዶውን እሳት ያሳየዋል፣ ከዚያ ወጥ ይሠራበታል። ምግባቸውን ግን አይቀምስም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከአስካለች ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው ይጸልያሉ። ምግብ ሲቀርብ ነው እጅ የሚሰበሰበው።

ታዲያ ፈጠነች መላ አገኘችለት። የአስካለች ተራ ሲሆን “እህቶች፣ በዚህ ሳምንት የጾም ጸሎት ነው” ትላለች። ሁሉም “አሜን” ይላል። አስካለችም አንገቷን ደፍታ “አሜን” ትላለች። እንዲህ እየተባለ ዓመታት አለፉ።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲወጣ፣ ተራዋ ሊደርስ ሲል፣ አስካለች ከቦዲቲ ገበያ ስትመለስ ፈጠነችን መንገድ ላይ አገኘቻት። ያልተሸጡ ማሰሮዎች በጀርባዋ አዝላለች።

“እህት ፈጠነች፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?”

“ጠይቂኝ እንጂ።”

“እግዚአብሔር ጾም የሚፈልገው እኔ ቤት ሲሆን ብቻ ነው እንዴ?”

ፈጠነች ክው አለች። “ኧረ እንዲህ አትበይ! ጾም እኮ በረከት ነው።”

“በረከቱ በዛብኝ።” አስካለች ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። “አሁን ከመጣችሁ ብሉልኝ። ካልበላችሁ ሁለተኛ አልመጣም። ሌላ ጸሎት ቤት እንዳልሄድ እዚያም ያው ነው። ቤቴ ሆኜ ብቻዬን እጸልያለሁ።”

የፈጠነች ባል የታመመ ጊዜ ሆስፒታል ድረስ እየመጣች፣ ሌላው ሰው ሲሰለች ያልሰለቸች፣ አልጋው ሥር ተንበርክካ የጸለየች ይህችው አስካለች ናት። እሷን ማጣት ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። መብላት ደግሞ... “እስቲ እንጸልይበት” ብላ ተሰናበተቻት።

ቤቷ ገብታ ቁጭ አለች። አባቷ ይነግሯት የነበረው ተረት መጣባት። ፈጣሪ ድሮ የሰው ልጆችን መሬት ሊያካፍል ጠራቸው። ሁሉም መጡ። ሸክላ ሠሪው እጁ ጭቃ ስለነበር ዘገየ። ሲደርስ መሬቱ አልቋል። ፈጣሪም ተቆጣና “አንተ ጭቃህን ያዝ፤ ከወንድሞችህ ጋር አትብላ” አለው። አባቷ የሚሉት እንዲህ ነበር።

ይሄ ተረት ያቃጠለችው ጨሌ ውስጥ አልነበረም። ሆዷ ውስጥ ቀርቶ፣ አብሯት ቤተ ክርስቲያን ገብቶ፣ አብሯት ሲዘምር ኖሯል። እስከዛሬ አላየችውም።

የጸሎቱ ቀን ሴቶቹ መንገድ ላይ ተገናኝተው አብረው ሄዱ። አስተማሪዋ ሰብለ ቀልድ አይጠፋትም።

“መሪያችን፣ ዛሬም ጾም ነው? አንጀቴ ቁርጡን ይወቅ።”

“ዝም በይ አንቺ!” አሉ አስናቀች፣ በዕድሜ የሁሉም ታላቅ። “ሆድ አምላኪ!”

አስካለች ቤት ገቡ። ቦይና የሚሉት ሥራ ሥር ተቀቅሎ ይጨሳል፤ አጠገቡ የበርበሬ ማጥቀሻው ዳጣ በሸክላ ሳህን ተቀምጧል። ሁሉም አየው፤ ሁሉም እንዳላየ ሆነ። ፈጠነች ግን ጸሎት ሳይጀመር ድንገት ጠየቀች።

“አስካለች፣ እናንተ ቤት ስለ መጀመሪያው ሸክላ ሠሪ ምን ይባላል? ስለ ዘገየው?”

አስካለች እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

“እናቴ የምትለው፣ ለመሬት ክፍፍሉ ግብዣ ድስት ሥራልን ያሉት ራሳቸው ወንድሞቹ ናቸው። ሲጠሩ ሸክላው እሳት ላይ ነበር። ጥሎ ቢሄድ ይሰነጠቃል። ጠበቀና ድስቱን ይዞ ደረሰ። እነሱም በድስቱ በሉበት፣ እሱን ደጅ አስቀመጡት።”

“ፈጣሪስ ምን አለ?”

“እኛ ቤት ፈጣሪ ምንም አላለም። የተናገሩት ወንድሞቹ ናቸው።”

ፈጠነች የትኛው እውነት እንደሆነ አታውቅም። ምናልባት አንዱም አይደለም፤ ማን እዚያ ነበረና? ግን አንድ ነገር ገባት። የአባቷን ተረት ያወሩት መሬቱ የደረሳቸው ናቸው። ሲያወሩትም የገዛ ቃላቸውን በፈጣሪ አፍ አስገብተውት ይሆናል። እሷስ? “ጾም ነው” ስትል የማንን ቃል በማን አፍ ነበር የምታስገባው?

“ተረቱ ይቅርና ጸሎቱ ይጀመር” አሉ አስናቀች። “ጾም ነው አይደል?”

ሁሉም ፈጠነችን አያት።

“ጾም አይደለም እናቴ” አለች። ድምጿ ቀጠነ።

ጸለዩ። ከ“አሜን” በኋላ አስናቀች ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ ወጡ። ፈጠነች ልትከተላቸው እግሯ ተነሣ፤ መልሳ ተቀመጠች። አስካለች ሳህኑን ፊቷ አስቀመጠችላት። ፈጠነች ቦይናውን ቆርሳ፣ ዳጣ አስነክታ ጎረሰች። አባቷ በር ላይ ቆመው የሚያዩዋት መሰላት። አላምጣ፣ አላምጣ ዋጠችው። ሰብለ ተከተለቻት። የቀሩት ተቀብለው ሳይጎርሱ በእጃቸው ያዙት።

“እንዴት ነው?” አለች አስካለች፣ ቆማ።

ፈጠነች “ጥሩ ነው” ልትል ነበር። እንዲህ ያለ “ጥሩ ነው” ግን እንግዳ ለባለቤት የሚለው ነው። ቤተሰብማ እርስ በርሱ የጎደለውን ይነጋገራል።

“ጨው አንሶታል” አለች።

አስካለች አፈጠጠች። ከዚያ “ውይ፣ ሞት ይርሳኝ! ቆይ” ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ጨው ለማምጣት ከሚበቃው በላይ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ጨዉን በጣቷ ነስንሳ ሳህኑን ወደ ፈጠነች ገፋ አደረገችው።

“አሁንስ?”

ፈጠነች እንደገና ቆረሰች። ይሄኛውም ከበዳት፤ ግን ጎረሰችው።